ቁስሉ የወጣበት ቦታ ምን ይናገራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከቆዳ ሐኪሟ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ማድያትና ስለ ብጉር ናቸው። ለሚቀጥለው እትም አሳድሬያቸዋለሁ፤ ማድያት ይጠብቃል። አራት ሰዎች ግን ሳይተዋወቁ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል፤ ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ላይ። ይሄኛው አይጠብቅም። ስለዚህ ዓምዱን ሁሉ ለነሱ ለቅቄያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወረኢሉ አካባቢ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ግራ ተረከዙ ላይ ጥቁር ነገር ወጣበት። እሾህ ወግቶኝ ነው ብሎ ተወው። እያደር ሰፋ፤ መሃሉ ቆስሎ ፈሳሽ ያወጣል። አንድ የባህል ሐኪም በምላጭ ከርክሮ የሐበሻ መድኃኒት አደረገበት። ደረቀ ስንል ተመልሶ መጣ። አሁን ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት አለው። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር እንደወጣበት ቦታ ይለያያል፣ እግር ላይ ሲሆን ይከፋል የሚል ነገር አነበብኩ። እውነት ነው? የነጮች በሽታ አይደለም እንዴ? አባቴ ደግሞ «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይበተናል» ብሎ ሆስፒታል አልሄድም ይላል።

መልስ፦ ለእርስዎ የሚያስፈልገውን በስልክ ነግሬዎታለሁ። እዚህ የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ እግር ላለባቸው ሌሎች ሰዎች ነው። አባትዎን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይዘዋቸው ይምጡ። ጤፉ ይታጨድ፣ በዓሉ ይለፍ አይባልም። ተረከዝ ላይ የሚሰፋ ጥቁር ነገር፣ የማይድን ቁስል፣ በዚያው በኩል ብሽሽት ላይ እብጠት። ሦስቱ ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሜላኖማ ነው ብዬ ነው የምነሳው። ንፍፊቱ ቁስሉ ስላመረቀዘ ብቻ የመጣም ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይን መለየት አይቻልም። የሚለየው ናሙና ነው፤ ከቁስሉ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቁራጭ።

«የነጮች በሽታ» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ሜላኖማ የሚነሳው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። ነጮች ላይ በብዛት ይታያል፤ ዋናዋ ጥፋተኛም ፀሐይ ነች። እኛን ቀለማችን ይከልለናል፤ ቁጥሩም እኛ ዘንድ በጣም ያንሳል። ግን ሲመጣ የት እንደሚመጣ ያስተውሉ። ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ከጥፍር ሥር። ፀሐይ ብዙም የማያገኛቸው፣ ቀለማቸውም ከሌላው ገላችን የፈካ ቦታዎች ናቸው። ይህን ዓይነቱን አክራል ሜላኖማ እንለዋለን። ጥቁር ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ይሄ ዓይነት ነው። ስለዚህ «እኛ ፀሐይ ለምደናል» ማለት ተረከዝን አያድነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ቦታው ለውጥ ያመጣል? ያመጣል። ግን ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ቦታውን አይደለም፤ ውፍረቱን ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት (ናሙና የሚመረምር ሐኪም) እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ቀላል ነገር አሳየ። ካንሰሩ ከቆዳው ላይኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ታች ስንት ሚሊሜትር እንደገባ በማይክሮስኮፕ ከተለካ፣ የበሽተኛው ዕጣ በደንብ ይገመታል። ዛሬም የዓለም ሐኪሞች ሁሉ የሚጠቀሙት ይህንኑ ልኬት ነው። 1 ሚሊሜትር ያልሞላ ሜላኖማ በጊዜ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ከ4 ሚሊሜትር በላይ የወረደው ግን ከባድ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ላዩ መቁሰል አለመቁሰሉ ነው። ከዚያ ወደ ንፍፊት መድረስ አለመድረሱ። የቆዳ ሜላኖማ ደረጃ ሲወጣለት ሠንጠረዡ ውስጥ «ተረከዝ» ወይም «ጀርባ» የሚል ዓምድ የለም።

ታዲያ እግር ላይ ሲሆን ለምን ይከፋል? ትልቁ ምክንያት አሳፋሪ የሚባል ዓይነት ነው፤ የሚያየው ሰው የለም። ፊትዎ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ብትወጣ ጎረቤት ቀድሞ ያያታል። ተረከዝዎን ግን ማን ያየዋል? ገበሬ እግሩ ሁሌም የተሰነጠቀ፣ የጠቆረ፣ ጭቃ የያዘ ነው። ኮንጎ ጫማ ወይም በረባሶ አድርጎ ይውላል፤ ማታ ደክሞት ይተኛል። ታይቶም ቢሆን ስሙ ይጠፋል። ኪንታሮት ነው ይባላል። እሾህ ነው ይባላል። የስኳር ሕመም ያለበት ከሆነ የስኳር ቁስል ነው ይባላል። ጭራሽ ጥቁር ያልሆነ፣ ሥጋ መስሎ ቀይ ሆኖ የሚወጣም አለ፤ ያኔ እኛ ሐኪሞቹም እንሳሳታለን። እንዲህ እንዲህ እያለ ሚሊሜትሩ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2005 አሜሪካ ውስጥ የተመዘገቡ አክራል ሜላኖማዎች ተጠንተው ነበር። ከተገኘባቸው ከ5 ዓመት በኋላ በካንሰሩ ሳይሞቱ የቆዩት 80 በመቶ ያህል ናቸው። የቆዳ ሜላኖማ ባጠቃላይ ሲታይ ግን ይህ ቁጥር 91 በመቶ ነበር። በ10 ዓመት ሲታይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ወደ 68 እና ወደ 88። የእግሩና የመዳፉ ሲገኝ ወፍሮና ርቆ ስለነበር የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ከዚያ የመጣ ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ መሆኑንም አይርሱ፤ እዚያ ቀዶ ጥገናው ቅርብ ነው።

ሁሉም ግን በመዘግየት አይሳበብም። የውስጥ እግር ሜላኖማ በተፈጥሮውም ከፀሐዩ ዓይነት የተለየ ነው። ፀሐይ ያመጣችው ሜላኖማ ብዙ የዘረመል ጉዳት ተሸክሞ ስለሚመጣ የሰውነት መከላከያ ቶሎ ይነቃበታል። መከላከያን የሚያነቃቁት አዳዲስ መድኃኒቶች እሱ ላይ በደንብ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የእግሩ እንዲህ ያለ ምልክት ያንሰዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቶቹ እሱ ላይ አቅማቸው ዝቅ ይላል። ቢ-ራፍ በሚባለው ዘረመል ላይ የሚያነጣጥሩ እንክብሎችም አሉ፤ እነሱም የሚገጥሙት ለጥቂቶቹ ነው።

ስለ ንፍፊቱ ደግሞ። የደላንታና የመቅደላ ጎርፍ በሽሎ እንደሚገባ ሁሉ ከእግር የሚነሳ ፈሳሽም የሚሄድበት የታወቀ ነው፤ ብሽሽት። የእጅ ወደ ብብት፣ የራስና የፊት ወደ አንገት። ለዚህ ነው ተረከዝዎን አሳይተውኝ ብሽሽትዎን የምዳብሰው፤ አይፈሩ። የጀርባ ግን ያስቸግራል። ጀርባ መሃል ላይ የወጣ እንደ ደሴ ነው፤ ውኃው በቦርከና ወደ አዋሽ ይሂድ ወይ ወደ ዓባይ ይውረድ ላዩን አይቶ መናገር ይከብዳል። በግራ ብብትም፣ በቀኝ ብብትም፣ በብሽሽትም ሊገኝ ይችላል።

አሁን ስለ ብረቱ። «ብረት ከነካው ይበተናል» የሚለውን በሳምንት ውስጥ ሳልሰማው የማልፍበት ጊዜ የለም። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው አርፍዶ ይመጣል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ከወራት በኋላ ይሞታል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ቢላውን ነው። ግን ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አይበትነውም። ያልተነካው ነው የሚበተነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ብረት ነው፤ የምላጩ። ላዩ ሲከረከር ሥሩ እዚያው ይቀራል። የተቆረጠው ሥጋም ተጥሏል፤ ማንም አልለካውም። ስለዚህ መጀመሪያ ስንት ሚሊሜትር እንደነበረ ከእንግዲህ አይታወቅም። በላዩ ላይ የሐበሻ መድኃኒት ሲያቃጥለው ደግሞ የትኛው ካንሰር፣ የትኛው የመድኃኒቱ ቁስል እንደሆነ መለየት ፈተና ይሆናል። አባትዎን ግን አይቆጧቸው። እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፦ ሐኪሟ ቆርጣ የምትጥለው ሳይሆን ቆርጣ የምትለካው ነው።

ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ካንሰሩ በዙሪያው ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር፣ እንደ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይዞ ይወጣል። ተረከዝ ላይ ትርፍ ቆዳ ስለሌለ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከጭን በሚወሰድ ቆዳ ይሸፈናል። «እግሬን ሊቆርጡኝ ነው» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው እቤት ያስቀራል። አብዛኛውን ጊዜ እግር አይቆረጥም። የብሽሽቱ እብጠት ካንሰር ከሆነ ግን ሥራው ይበዛል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ያኔ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ መላክ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ ይህን የምለው ቦሩ ሜዳ አካባቢ ስላደግሁ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ያገሬ ሰው የሚያውቀው በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ነው። የሥጋ ደዌ ታካሚዎች እግራቸው ስለሚደነዝዝ የሚማሩት አንድ ልማድ አለ። ማታ እግርን መዘፍዘፍ፣ ማጠብ፣ ገልብጦ ማየት፤ ማየት ያቃተው ሌላ ሰው እንዲያይለት መጠየቅ። ልጅ ሆኜ ሽማግሌዎች በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ውስጥ እግራቸውን እንደ መጽሐፍ ሲያነቡ አይቻለሁ። ያ ልማድ የበሽተኛ ሥራ ተደርጎ ተወሰደና ጤነኛው ሳይማረው ቀረ። የሚሰግድ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሲያደርግ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል፤ ገልብጦ ለማየት የቀረው አንዲት ደቂቃ ናት። መስጊድ ውስጥ ሱጁድ ሲወረድ ደግሞ የፊተኛው ሰው ውስጥ እግር ለኋለኛው ይታያል። አንድ ታካሚዬ የመጣው ከኋላው የሰገደ ጎረቤቱ «አያ፣ እግርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎት ነው። ገና ቀጭን ነበር። ቆርጠን አወጣነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። አንዲት የሆላንድ እንግዳ ባቷ ላይ ጠባሳ አይቼ ጠየቅኳት። ሜላኖማ ነበር፣ ቆርጠው አወጡልኝ፣ ድኛለሁ አለችኝ። በማግስቱ አሸተን ማርያም ድረስ ቀድማኝ ወጣች። እኛ ሰፈር ግን አንድ ሰው እግሩ ላይ ወጥቶበት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ያም እግር፣ ይሄም እግር። ምንድን ነው ልዩነቱ? በተጨማሪ ራሰ በራ እንግዶችን ኮፍያ አድርጉ እያልኩ እጨቀጭቃለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነህ፤ መጨቅጨቅህን ቀጥል።

ባትና ውስጥ እግር ጎረቤት ቢሆኑም ለዚህ በሽታ አንድ አገር አይደሉም። ነጭ ሴቶች ላይ ሜላኖማ በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ባት ነው። ወንዶቻቸው ላይ ደግሞ ጀርባ። ባትና ክንድ ላይ የሚወጣው ከሁሉም የተሻለ ዕጣ አለው። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ባቷን በየቀኑ ታያለች። ቆዳዋ ነጭ ስለሆነ ጥቁር ነጥብ ይጮኻል። ትምህርት ቤት ተምራዋለች። የሰፈርህ ሰው የወጣበት ውስጥ እግሩ ላይ ከነበረ ግን ከላይ ለወረኢሉው አስተማሪ የጻፍኩትን አንብበው። ሰውዬውን ስላላየሁት ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ኮፍያው ላይ ግን ላጫውትህ፤ ቦታ በራሱ ክፉ መሆኑ ጎልቶ የታየው ራስ ቅል ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ51 ሺህ በላይ የሜላኖማ በሽተኞችን መዝገብ ተመልክቷል። ራስ ቅልና አንገት ላይ የወጣባቸው ሰዎች፣ እጅና እግር ላይ ከወጣባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸው ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። ልብ በል፤ ይህ የተገኘው ውፍረቱን፣ መቁሰሉን፣ ዕድሜውንና ጾታውን አመጣጥነው ነው። በቁጥር ሲቀመጥ ከ5 ዓመት በኋላ በካንሰሩ ሳይሞቱ የቆዩት የራስና የአንገቱ 83 በመቶ፣ የሌላው ቦታ 92 በመቶ ናቸው። ከበሽተኞቹ 6 በመቶ ብቻ የነበሩት የራስና የአንገቶቹ ከሞቱት ውስጥ 10 በመቶውን ይዘዋል።

ለምን? ፀጉር ይሸፍነዋል፤ ይሄ አንዱ ነው። ግን ከዚያም ያልፋል። ራስ ቅልና አንገት የደም ሥርና የሊምፍ መስመር (ፈሳሽ ወደ ንፍፊት የሚሄድበት መንገድ) የበዛበት ቦታ ነው፤ ካንሰሩ መውጫ አያጣም። ወደ አንጎል የመሄድ ዝንባሌውም ከፍ ይላል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይኛው ጀርባ፣ ላይኛው ክንድ፣ አንገትና ራስ ቅል በጥቅሉ ክፉ ቦታዎች ናቸው የሚል ሐሳብ ነበር። በኋላ የመጡት ጥናቶች የጀርባውንና የክንዱን እንደዚያ አላጸኑለትም። ራስና አንገት ግን ጸንቶ ቀረ።

የአንተ አገር ደግሞ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ እንግዳው ፀሐይዋን አይፈራትም፤ ራስ ቅሉ ተቃጥሎ መቅላቱን የሚያየው ማታ ሆቴል ሲገባ ነው።

ኮፍያውን ለራስህ ልጆችም ስጣቸው የምልህ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ነው። እነሱ ላይ ፀሐይ የምታመጣው የቆዳ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሜላኖማ ሳይሆን ስኳመስ ሴል የሚባለው ነው፤ ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና ከንፈር ላይ በወጣትነታቸው ይመጣባቸዋል። ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ በየጊዜው ሐኪም። ቅባቱ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ግን ባርኔጣው ይቅደም።

ሹሩባ የምትሠራ ሴትና ፀጉር አስተካካይ የሰው ራስ ቅል ከማንም በላይ ያያሉ። «እዚህ ጋ ምን አለህ?» ብትባል አትቀየም።

ቦታ ካነሳን አይቀር፣ ሜላኖማ የሚወጣው ቆዳ ላይ ብቻ አይደለም። አፍ ውስጥ፣ አፍንጫ ውስጥ፣ ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ የሚወጣ አለ። ጥቂት ነው፤ ግን ስለማይታይ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ርቋል። ዓይን ውስጥ የሚወጣውም የራሱ ጠባይ አለው። ዓይን ውስጥ የሊምፍ መስመር ስለሌለ የሚሰራጨው በደም ነው፤ የሚወደው ጉበትን ነው፤ ዓይኑ ከታከመ ከዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፤ 34 ዓመቴ ነው። ቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ። የእናቴ ጥፍሮችም መስመር አላቸው። ጓደኛዬ ቦብ ማርሊ የሞተው በዚህ ነው ብሎ አስፈራራኝ።

መልስ፦ ጓደኛህ ታሪኩን አልተሳሳተም፤ ያስፈራራህ ግን ያለ ምርመራ ነው።

ታሪኩ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የቦብ ማርሊ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ኳስ ስጫወት የተመታሁት ነው ይባል ነበር። የአባቶቻችንን «እሾህ ነው» ያስታውሳል። ጣቱ እንዲቆረጥ ተመክሮ አልፈለገም፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ብቻ ተወገደ። በ1981 ግንቦት ላይ፣ ወደ አንጎሉ፣ ወደ ሳንባውና ወደ ጉበቱ ተሰራጭቶ፣ በ36 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ወዳንተ። ጥቁር ሰው ጥፍሩ ላይ ጥቁር መስመር ቢኖረው ብርቅ አይደለም። ዕድሜ ሲጨምር መስመሩም ይበዛል። ብዙ ጥፍሮች ላይ ካለ፣ ቀጭን ከሆነ፣ ዳርና ዳሩ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ለዓመታት ካልተለወጠ የቤተሰብ ነገር ነው። የእናትህ እንደዚያ ይመስላል። ያንተን የማልወደው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ በመሆኑና ጥፍሩም አውራ ጣት በመሆኑ ነው። የጥፍር ሜላኖማ በብዛት የሚወደው የእጅንና የእግርን አውራ ጣት ነው።

ስለዚህ እነዚህን ተመልከት። መስመሩ ከ3 ሚሊሜትር ይሰፋል? ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ ይጠባል? እንዲህ ከሆነ እያደገ ነው ማለት ነው። ጥፍሩ ይሰነጠቃል? ይደማል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ሥሩ ላይ ያለውን ቆዳ ነክቷል? ይህን የመጨረሻውን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃችንሰን ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከነዚህ አንዱ ካለ ሌላውን ሳትጠብቅ ና።

ማሽን ቀጥቅጦህ ሊሆን ይችላል ብለህ ከጠረጠርክ የደም ነገር መለየት ይቻላል። የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋር አብሮ እየገፋ ይወጣል። ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግና ፎቶ አንሳ። የእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ የእግር አውራ ጣት ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሊሄድ ይችላል። ደም ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ብቅ ሲል ታየዋለህ። ከሥሩም ጥቁር ሆኖ ከቀጠለ ደም አይደለም። ከላይ የጠየቅኩህ ምልክቶች ካሉ ግን እስክሪብቶውን ተወው።

በጊዜ ከተገኘ ጣት ሳይነካ የጥፍሩ አልጋ (ከጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ) ብቻ ይወጣል። ወደ ውስጥ የወረደ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጣቱ ጫፍ ይሄዳል። የጥፍር ሜላኖማ ክፉ ስም ያወጣው በአብዛኛው ሰው ፈንገስ ነው እያለ ቅባት ሲቀባው ስለሚከርም ነው። ፋርማሲ ሄደህ የፈንገስ ክሬም እንዳትገዛ።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ፣ ከከሚሴ ነው። በሚቀጥለው ወር ሠርጌ ነው። መዳፌ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ ውስጥ እግሬም ላይ አንድ አለ። እንሶስላና ሂና ልቀባ ነው። አክስቴ «ነጥቡን ያስቆጣዋል፣ ካንሰር ያደርገዋል» አለችኝ። ልተወው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። አክስትሽ ከልብ ነው፤ ግን እንሶስላ ነጥብን ካንሰር አያደርግም።

ጥቁር ሰዎች መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ብዙ ጊዜ አሉን። ከልጅነት ጀምሮ የነበሩ፣ ትንንሽ፣ ያልተለወጡ ከሆኑ አያሳስቡም። የሚያሳስበኝ ካደግሽ በኋላ አዲስ የወጣ፣ 7 ሚሊሜትር ገደማ ያለፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም የሚደማ ነው።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ቀለሙ መዳፍንና ጥፍርን፣ ውስጥ እግርንም ለሳምንታት ይሸፍናል። ለኛ አገር ሴት ሜላኖማ የሚወደው ቦታ ደግሞ ይኸው ነው። በየበዓሉ፣ በየሠርጉ ደራርባ የምትቀባ ሴት እነዚህን ቦታዎች በተፈጥሮ ቀለማቸው የምታያቸው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ከመቀባትሽ በፊት በደንብ አይተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው። አጠገቡ ሳንቲም አድርጊ፤ መጠኑ እንዲታወቅ። በሚቀጥለው ስትቀቢ ከፎቶው ጋር ታስተያዪዋለሽ። ሚዜዎችሽም እግርሽን ሲቀቡ ገልብጠው ይዩት፤ እግረ መንገዳቸውን የራሳቸውንም።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ በዪ። ገበያ ላይ ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት «ጥቁር ሂና» አለ። እሱ ካንሰር ሳይሆን አለርጂ ያመጣል፤ እጅ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳው ይቆያል። በሠርግሽ ሰሞን እኔ ጋ ፋሻ ልታስሪ መምጣት የለብሽም። ቅጠሉ ራሱ ተወቅጦ፣ ቀለሙ ቀላ ያለው ይሁንልሽ።